ፋጉሎ ውስጥ የሚቀረው፦ የምግብ ዘይትና የተፈጥሮ ጨረራ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አራተኛ ሬአክተር ሲፈነዳ፣ ማመንጫው የቆመው ዩክሬን ውስጥ ቢሆንም ከባድ ዕዳ የተሸከመችው በሰሜን የምታዋስናት ቤላሩስ ነበረች። ከአገሪቱ መሬት ሩብ የሚጠጋው በሲዚየም 137 ተበከለ። መንደሮች ከነሕዝባቸው ተነሡ፣ ብዙ እርሻ ታጠረ። ሁሉንም ማሳ መዝጋት ግን አልተቻለም፤ ገበሬው ማረስ፣ ሕዝቡም መብላት ነበረበት። ከተሞከሩት መላዎች አንዱ ለሩቅ ተመልካች እብደት ይመስላል፦ በተበከለው አፈር ላይ የቅባት እህል መዝራት። የተመረጠው ሬፕሲድ ነው፤ ሲያብብ ማሳውን ሙሉ ቢጫ የሚያለብስ፣ እኛ ጎመን ዘር የምንለው ተክል የቅርብ ዘመድ። ፍንዳታው ሃያ ዓመት ሲሞላው የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያወጣው ግምገማ እንደሚለው፣ በቤላሩስ የሬፕሲድ ማሳ በ10 ዓመት ውስጥ በአራት እጥፍ አድጎ 22 ሺህ ሄክታር ደርሶ ነበር። ዘሩ ተጨምቆ ዘይቱ ለምግብ ዋለ። ሲዚየሙና አብሮት የነበረው ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ስትሮንቲየም፣ ፋጉሎው ውስጥ ቀሩ።

ምክንያቱ የጨውና የቅባት ጠባይ ነው። ሲዚየም፣ ስትሮንቲየም፣ ፖታሺየምና ራዲየም በተክል ውስጥ የሚኖሩት እንደ ጨው ሟሙተው ነው፤ ማደሪያቸው ውሃው፣ ፕሮቲኑና ገለባው ነው። ዘይት ውሃ አይቀበልም፣ ጨውም አያሟሟም። ስለዚህ መጭመቂያው ዘሩን ሲጨምቀው ቅባቱ ወደ አንድ ወገን፣ ጨው ያዘለው ሁሉ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። ወተትም የሚከተለው ይህንኑ ሕግ ነው። ከቼርኖቤል በኋላ የተበከለ ወተት ሳይደፋ ወደ ቅቤ እንዲለወጥ የተደረገው፣ ሲዚየሙ ከአሬራውና ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ ነበር፤ ቅቤው ሲነጠር ደግሞ የተረፈችው ጥቂትም ከአተላው ጋር ትቀራለች። በምግብ ዘይት ውስጥ ተገኘ ተብሎ የሚነገር ማንኛውም የጨረራ ቁጥር፣ የሰው ሠራሽም ሆነ የተፈጥሮ፣ በመጀመሪያ ከዚህ ኬሚስትሪ ጋር መታረቅ አለበት። ካልታረቀ የምንጠረጥረው ዘይቱን ሳይሆን ልኬቱን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነጥብ ይኸው ነው፦ ዘይት ከምንበላቸው ምግቦች መካከል የተፈጥሮ ጨረራ ካነሰባቸው አንዱ ነው፤ በእሱ ላይ የሚባክን ፍርሃት ደግሞ ዘይት በእውነት ሰው ከሚገድልባቸው መንገዶች ዓይናችንን ያነሣል።

የተፈጥሮ ጨረራ በአብዛኛው ምድር ስትፈጠር አብረዋት ከነበሩትና እስከ ዛሬ ፈርሰው ካላለቁት ንጥረ ነገሮች የሚወጣ ነው። ዩራኒየም 238 እና ቶሪየም 232 በየአለቱና በየአፈሩ አሉ፤ ሲፈርሱም ራዲየምን፣ ሬዶንንና ፖሎኒየምን ይወልዳሉ። ሦስተኛው ፖታሺየም 40 ነው። ሰውነታችን ያለ ፖታሺየም አይኖርም፤ ልብ የሚመታው፣ ነርቭ የሚላላከው በእሱ ነው። ከፖታሺየም ሁሉ 0.012 በመቶ ገደማው ጨረር አመንጪው ፖታሺየም 40 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ ገና አላለቀም። ከ1 ግራም ፖታሺየም በየሰከንዱ 31 አቶሞች ይፈርሳሉ፣ ማለትም 31 ቤኬሬል ይወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ 140 ግራም ያህል ፖታሺየም ይዞ ይዞራል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ አዋቂ ሁሉ በሺዎች የሚቆጠር ቤኬሬል ጨረር በገዛ ሥጋው ውስጥ እያመነጨ ነው የሚያነበው።

ነገሩን በአንድ ድስት ምስር ወጥ ላይ ማስላት ይቻላል። ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ 3.5 ግራም ገደማ ፖታሺየም አለው፤ ይህ ከ100 ቤኬሬል በላይ ነው። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከ20 በላይ ይጨምራል። በርበሬ ሲደርቅ ፖታሺየሙ ስለሚጠራቀም፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ብቻውን 10 ቤኬሬል ያህል ይጨምራል። በመጨረሻ የሚቀረው ያቁላላንበት ዘይት ነው። የተጣራ ዘይት የፖታሺየም መጠን በምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ላይ ዜሮ ወይም ከዜሮ የማይለይ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ ፖታሺየም ከሌለ ፖታሺየም 40 የለም። ድስቱ ውስጥ ካለው ሁሉ በዚህ በኩል ንጹሑ ዘይቱ ነው። ምስሩን የሚፈራ ሰው ግን አልሰማሁም፣ ሊፈራም አይገባውም፤ ምስር ለጤና ተስማሚ ከሚባሉ ምግቦች ግንባር ቀደሙ ነው።

ታዲያ በተለያዩ አገሮች ያሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከገበያ የወይራ፣ የሱፍ አበባ፣ የበቆሎና የፓልም ዘይት ገዝተው ሲለኩ በዘይቱ ውስጥ ራዲየም፣ ቶሪየምና ፖታሺየም 40 አገኘን ብለው የሚያቀርቡት ቁጥር ከየት ይመጣል? ልኬቱን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ዘይቱ መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይሞላል፤ ጎድጓዳው በጨረር መለኪያው ራስ ላይ እንዲገጥምና ዘይቱ መለኪያውን ከላይም ከዙሪያም እንዲያቅፈው ነው። ክዳኑ አየር እንዳያስወጣ ይታሸግና 4 ሳምንት ያህል ይቀመጣል፤ ከራዲየም የሚወለደው ሬዶን ጋዝ ስለሆነ ካመለጠ ሒሳቡ ይፈርሳል። ከዚያ ዕቃው ወፍራም የእርሳስ ግንብ ውስጥ ገብቶ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይቆጠራል። ፖታሺየም 40 በ1,461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ የራዲየም ልጅ የሆነው ቢስሙት 214 በ609 ላይ፣ የቶሪየም ወገን የሆነው ታሊየም 208 በ2,615 ላይ እንደ ሹል ተራራ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ነው፤ እነዚያው ተራሮች መለኪያው ባዶውን ሲቆጥርም ይታያሉ። የክፍሉ ግድግዳ ሲሚንቶና አሸዋ፣ የወለሉ ሸክላ፣ የባለሙያው አካል ሳይቀር ፖታሺየም 40 አላቸው፤ እርሳሱ ብዙውን ቢከለክልም ሁሉንም አይከለክልም። ስለዚህ የዘይቱ ቁጥር የሚገኘው ባዶው ከሙሉው ሲቀነስ ነው። ሁለቱ ሊተካከሉ ሲቃረቡ የሚተርፈው ቁጥር በአብዛኛው የአጋጣሚ ውጤት ነው። የመለኪያው ዝቅተኛ ወሰን ካልተጻፈ፣ ከወሰኑ በታች የሆነውም እንደ ግኝት ከተመዘገበ፣ ሠንጠረዡ ስለ ዘይቱ ሳይሆን ስለ ቤተ ሙከራው ክፍል ነው የሚናገረው።

ይህን ማንም ሰው በቀላል ሒሳብ ሊፈትነው ይችላል። አንድ ሠንጠረዥ በ1 ኪሎ የተጣራ ዘይት ውስጥ 50 ቤኬሬል ፖታሺየም 40 አለ ቢል፣ 50 ለ31 ሲካፈል 1.6 ግራም ይሆናል። ዘይቱ በ100 ግራም 160 ሚሊግራም ፖታሺየም ይዟል ማለት ነው፤ ይህ የላም ወተት የሚይዘውን ያህል ነው። እንዲህ ያለ ዘይት የለም። ፖታሺየምን በቀጥታ የሚለካው ፍሌም ፎቶሜትር በብዙ የአፈርና የግብርና ቤተ ሙከራዎች የሚገኝ መሣሪያ ነውና፣ ያንኑ ጠርሙስ በእሱ መፈተን ክርክሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋዋል። በሰፈር መጭመቂያ የወጣና ያልተጣራ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ከተጣራው ትንሽ ከፍ ሊል እንደሚችል እቀበላለሁ፤ የዘር ብናኝና ጨው የሚያዝል ሙጫ ይቀርበታልና። ያም ቢሆን የሚያወጣው ጥቂት ቤኬሬል እንጂ ምስሩ ዘንድ የሚደርስ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚደረግበት ነው። በዚህ ዓይነት ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ «የራዲየም አቻ» የሚባል ስሌት አለ፤ ራዲየም፣ ቶሪየምና ፖታሺየም በተለያየ ክብደት ተደምረው ውጤቱ በኪሎ 370 ቤኬሬል ከተባለ ወሰን ጋር ይነጻጸራል። ወሰኑ የወጣው ለግንባታ ዕቃ ነው። ከግድግዳና ከጣሪያ የሚወጣው ጋማ ጨረር በውስጡ የሚኖረውን ሰው ከውጭ ምን ያህል እንደሚመታው ለመገመት የተቀመረ ነው። በዘይት የተሠራ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። ለምግብ የሚያገለግለው ሒሳብ ሌላ ነው፦ ሰው በዓመት ስንት ኪሎ በላ፣ በውስጡ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ስንት ቤኬሬል ገባ፣ እያንዳንዱ ቤኬሬል በሰውነት ውስጥ ስንት ሲቨርት (ጨረራ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚመዘንበት መለኪያ) ያስከትላል። ለግድግዳ የተቀመረን ለምግብ ማዋል አንባቢን ወይ ያለ ምክንያት ያስፈራራል ወይ ያለ ምክንያት ያጽናናል፤ ሁለቱም ጥፋት ነው።

ዘይት ውስጥ በእርግጥ ያለው የተፈጥሮ ጨረር አመንጪ ደግሞ የጋማ መለኪያው ጨርሶ የማያየው ነው። ዘይት ከክብደቱ ከሦስት አራተኛው በላይ ካርቦን ነው። ተክል ከአየር የሚስበው ካርቦን ውስጥ፣ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ከባቢ አየር ላይ ሲወድቅ የሚፈጠር ካርቦን 14 አለ። በሕይወት ካለ ተክል የተገኘ 1 ኪሎ ካርቦን 226 ቤኬሬል ገደማ ስላለው፣ 1 ኪሎ የኑግ፣ የወይራ ወይም የፓልም ዘይት 170 ቤኬሬል ያህል ካርቦን 14 ይይዛል። ጨረሩ ደካማ ቤታ በመሆኑ ከዕቃው ግድግዳ እንኳ አያልፍም። አንድ ሰው በዓመት 15 ሊትር ዘይት ቢበላ ከዚህ የሚያገኘው የጨረራ መጠን 0.0015 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው። እንጀራው፣ ሥጋው፣ ማሩ ሁሉ በካርቦኑ ልክ የራሱን ካርቦን 14 ይዟል። ካርቦን 14 የሌለበት ዘይት አንድ ብቻ ነው፤ ከመሬት ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረው የነዳጅ ዘይት። እ.ኤ.አ. በ2008 ከዩክሬን ወደ አውሮፓ የገባ የሱፍ አበባ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቶ ነበር። ያ ቅልቅል ከንጹሑ ዘይት ያነሰ ጨረራ ነበረበት፤ ለመብላት ግን የሚመረጠው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ጨረራ የሌለበት ምግብ ፍለጋ ወዴት እንደሚያደርስ ይህ ይበቃል።

እስቲ ደግሞ የተጠራጣሪውን ወገን እንያዝና ራዲየም ዘይት ውስጥ አለ እንበል። በኪሎ 1 ቤኬሬል ራዲየም 226 ይኑር፤ ሰውየው በዓመት 15 ኪሎ ይብላ። በዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን መለኪያ አዋቂ ሰው ከዚህ የሚደርሰው 0.004 ሚሊ ሲቨርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረር ጥናት ሳይንሳዊ ኮሚቴ እንደሚለው የሰው ልጅ ከተፈጥሮ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ይቀበላል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ በቤት ውስጥ ከሚተነፈሰው ሬዶን፣ 0.3 የሚጠጋው ከምግብና ከመጠጥ ሁሉ ነው። የዘይቱ ድርሻ በዚህ በተጋነነ ግምት እንኳ ከጠቅላላው አምስት መቶኛ እጅ አይሞላም። ሕፃናት ግን ለብቻ መታሰብ አለባቸው። አጥንታቸው በማደግ ላይ ስለሆነ ራዲየምን የበለጠ ይይዛሉ፤ የ10 ዓመት ልጅ ከአንድ ቤኬሬል ራዲየም 228 የሚደርስበት ከአዋቂው ከ5 እጥፍ በላይ ነው። የአዋቂውን ስሌት ብቻ አቅርቦ «ለሕዝቡ ጉዳት የለውም» ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። ስሌቱ ለልጆች ሲሠራም ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሆኖም ተሠርቶ መታየት አለበት።

«በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል» የሚለው ተቃውሞ ከፊሉ እውነት ነው። ፖታሺየም አይጠራቀምም፤ ኩላሊት ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን ያስወጣል፣ ስለዚህ ብዙ ፖታሺየም የበላም ጥቂት የበላም ከፖታሺየም 40 የሚደርሰው በዓመት 0.17 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው። በየዓመቱ የተበላውን ፖታሺየም 40 ደምሮ አደጋ ማስላት ይህን የሰውነት ሥርዓት መርሳት ነው። ራዲየም ግን የካልሲየም ባልንጀራ ስለሆነ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኒው ጀርሲና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች የሰዓት ገጽ በራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሠርተው በርካቶቹ በመንጋጋ መበስበስና በአጥንት ካንሰር ሞቱ። ያ ግፍ ሊረሳ አይገባም። ከእነሱ የተገኘው ትምህርት ግን መጠንንም ያጠቃልላል፤ ቀቢዎቹን ጨምሮ ራዲየም የገባባቸው ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ክትትል ሲደረግባቸው፣ አጥንታቸው ከ10 ግሬይ (አካል የሚወስደው የጨረር ኃይል መለኪያ) በታች በተቀበለው ላይ የአጥንት ካንሰር አልታየም። 10 ግሬይ ከዘይት ራዲየም በማንኛውም የሰው ዕድሜ የሚደረስበት አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ «ደህና የሚባል የጨረራ መጠን የለም፤ ትንሹም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው» የሚለው ነው። የጨረራ መከላከያ ሕጎች በአብዛኛው በዚህ መርህ ላይ ነው የቆሙት፤ እኔም ለሠራተኛና ለታካሚ ጥበቃ ተገቢ መርህ ነው እላለሁ። ነገር ግን መርሁን የሚጠራ ሰው እስከ መጨረሻው ይከተለው። ያው 0.004 ሚሊ ሲቨርት ለ70 ዓመት ሲባዛና በአንድ ሲቨርት 5 በመቶ በሚለው የሞት አደጋ ሲሰላ ከ100 ሺህ ሰው 1 ወይም 2 ይወጣል፤ ከ5 ሰው አንዱ በሕይወቱ ካንሰር በሚይዘው ዓለም ውስጥ። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ምክር እጅግ ትንንሽ መጠኖችን በብዙ ሕዝብ እያባዙ የሞት ቁጥር ማውጣት እንደማይገባ ተናግሯል። በደቡብ ሕንድ በኬራላ የባሕር ዳርቻ፣ በካሩናጋፓሊ፣ አሸዋው ቶሪየም ያዘለ ሞናዛይት የሚባል ማዕድን አለበት፤ ሕዝቡ በኮኮናት ዘይት እያበሰለ በዚያ አሸዋ ላይ ለትውልዶች ኖሯል። 70 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችን ከ10 ዓመት በላይ የተከታተለ ጥናት ከመሬቱ ጨረር የተነሣ የካንሰር ጭማሪ አላገኘም። ይህ ጨረራ አይጎዳም ማለት አይደለም። በዚያ መጠን ጉዳቱ ካለ እንኳ በአሥር ሺዎች ተከታትሎ ለማየት የሚያዳግት ነው ማለት ነው፤ ዘይት ደግሞ ከዚያ በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳል።

ማዳበሪያ በማሳው በኩል ጨረራ ያስገባል የሚለውም ሥጋት መልስ ይገባዋል። የፎስፌት አለት ዩራኒየም አለው፣ ከእሱ የሚሠራው ዳፕ ማዳበሪያም ይወርሰዋል፤ በኪሎ ሺህ ቤኬሬል ገደማ ቢኖረው በአንድ ሄክታር ላይ የሚበተን አንድ ኩንታል 100 ሺህ ቤኬሬል ያስገባል። ያው ሄክታር ላይ ያለው የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ግን፣ በዓለም አማካይ ስሌት፣ ከራሱ 90 ሚሊዮን ቤኬሬል ያህል ዩራኒየም ይዞ ነው የሚጠብቀው። አንድ ዓመት የሚጨምረው አንድ ሺህኛ ነው። ፖሎኒየም 210 እና ሊድ 210 በጋማ መለኪያ በደንብ አይታዩም የሚለው ግን ትክክለኛ ትችት ነው፤ ከምግብ ከሚደርሰን የዩራኒየም ወገን ጨረራ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው፤ በዓሣና በሌሎች የባሕር ምግቦች፣ በቅጠላ ቅጠልም ይበዛሉ። የዘይት ጥናት የሚያካሂድ ሰው ፖሎኒየምን በኬሚካል ለይቶ በአልፋ መለኪያ ቢፈትነው ከመቶኛው የፖታሺየም ሠንጠረዥ ይልቅ አዲስ ነገር ይነግረናል።

አሁን ዘይት የገደላቸውን ሰዎች እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1981 ጸደይ በማድሪድና በአካባቢው ሰዎች በማይታወቅ የሳንባ ሕመም መውደቅ ጀመሩ። ምክንያቱ ለኢንዱስትሪ እንዲውል አኒሊን የተጨመረበት የሬፕሲድ ዘይት ተመልሶ ተጣርቶ፣ በአዟሪዎች እጅ የወይራ ዘይት ተብሎ መሸጡ ነበር። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ፣ በሕይወት የተረፉትም ብዙዎች ጡንቻቸው ሰልሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴልሂ ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት አርጌሞኔ ከሚባል መርዛማ አረም ዘር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ፤ 60 ያህል ሰው ሞተ። ሌላው ገዳይ ቀስ ብሎ የሚሠራው ነው። ፈሳሽ ዘይት በሃይድሮጅን ሲረጋ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት በየዓመቱ እስከ 500 ሺህ የሚደርስ በልብ ሕመም የሚመጣ ያለ ዕድሜ ሞት እንደሚያስከትል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ተናግሯል፤ ከ100 ግራም ቅባት ከ2 ግራም እንዳይበልጥም አገሮችን ይጠይቃል። ፓልም ዘይት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲጣራ የሚፈጠሩት ግሊሲዲል ኤስተሮች ደግሞ ካንሰር አምጪ ሊሆኑ እንደሚችሉ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 አስጠንቅቆ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከሁለት ዓመት በኋላ ወሰን አበጀላቸው። ከውጭ የሚገባ ፓልም ዘይት ለሚበዛበት ለኢትዮጵያ ገበያ ይህ ከራዲየም በብዙ የሚቀድም ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ዘይት በጨረር መለኪያ አይፈተን ማለት አይደለም። ከአደጋ በፊት የተለካ ቁጥር ከአደጋ በኋላ የመጣውን ለመለየት ያገለግላል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ እያንዳንዱ አገር የምግቡን የተፈጥሮ ጨረራ መዝግቦ መያዝ አለበት። ልኬቱን የምትሠሩ ተመራማሪዎች ግን ሦስት ነገር አትተዉ፦ የመለኪያችሁን ዝቅተኛ ወሰን ጻፉ፣ የዘይቱን ፖታሺየም በኬሚካል ፈትናችሁ ከጋማው ጎን አስቀምጡ፣ የግንባታ ዕቃውን ስሌት ለግንበኞች ተዉላቸው። የምግብ ቁጥጥር ሥራን የምትመሩም፣ ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ የምርመራ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ቅልቅልን፣ ትራንስ ፋትንና ግሊሲዲልን ለይቶ የሚያሳየውን ግዙ። ገዢው ደግሞ አምራቹ ያልታወቀ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት፣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን የሚገለበጥ ዘይት አይግዛ፤ ሬንጅ እስኪመስል ጠቁሮ ተደጋግሞ የተጠበሰበትንም አይብላ።